ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ዝናም ውኃና ስለ እድፍ ውኃ ሊያውቀው የሚገባ
ለየመንደሩ ትምህርት ቤት መምህራንና ንባብ ለሚያውቁ ሽማግሌዎች የተጻፈ

ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቦታው ስፋት፥ ስለ እንጨቱና ስለ ቆርቆሮው ዋጋ፥ ስለ አናጢውም ደመወዝ ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ በክረምት ከጣራው የሚወርደው ውኃ በየት በኩል ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት በየዓመቱ፥ ሰኔ በገባ ቍጥር፥ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ጠብ ይነሣል፤ ግድግዳ ይፈርሳል፤ ምንጭ ይበላሻል።

የዚህች ጽሑፍ አሳብ አንዲት ቃል ናት። በጣራህና በግቢህ ላይ የወረደ ውኃ፥ ማንንም ወደማይጐዳበት ስፍራ እስኪደርስ ድረስ ያንተ ነው። ሕጉም ልማዱም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የቀረውም ሁሉ የዚህች ቃል ትርጓሜ ነው።

እኔ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በራሴ ጥፋት ተማርሁት። ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ ዳር ትንሽ ቦታ አግኝቼ ቤት በሠራሁ ጊዜ፥ የሣር ክዳን ትቼ ቆርቆሮ አለበስሁት። ቦታው ተዳፋት ነበርና ጠፈጠፉ መሠረቱን እንዳይቦረቡረው ፈርቼ አሸንዳ አሠራሁ፤ የአሸንዳውንም አፍ ወደ ታች፥ ወደ ጎረቤቴ አጥር አዞርሁት። የእኔ ግድግዳ ስለ ደረቀ ሥራዬ ያማረ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከእኔ በታች የሚኖሩት አንዲት እማሆይ ነበሩ። በሐምሌ መጥተው አጥራቸው ሥር ውኃ እንደ ተኛ ነገሩኝ፤ እኔም «ክረምት ነው፥ ምን ይደረጋል» ብዬ በቀላል ቃል መለስኋቸው። በነሐሴ አጋማሽ፥ በአንድ ሌሊት፥ የእህል ማስቀመጫቸው የጭቃ ግድግዳ ተደረመሰ፤ የዓመት ቀለባቸው የነበረው ጤፍም ከጭቃ ጋር ተቀላቀለ። ማለዳ በሄድሁ ጊዜ አልተቈጡኝም። «ልጄ፥ ቤቱን ለራስህ ሠራህ፤ ውኃውን ግን ለእኔ ሰጠኸኝ» ብቻ አሉኝ። ይህ ቃል ከማናቸውም ክስ ይልቅ ከበደኝ።

ነገሩን ሦስት ሽማግሌዎች አዩት። ከመካከላቸው አንዱ «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ከመፍረዳችን በፊት ውኃው የሚመጣበትን እንይ» አሉ። ዝናም በሚዘንብበት ሰዓት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከላይ እስከ ታች ሄዱ። ያን ጊዜ ውኃው የእኔ ብቻ አለመሆኑ ታየ። ከእኔ በላይ ያሉት ሁለት ቤቶች ውኃቸውን በእኔ ግቢ ያሳልፉ ነበር፤ እኔም የሦስታችንን ሰብስቤ በእማሆይ ላይ አወርደው ነበር። ፍርዱም እንዲህ ሆነ። እኔ ግድግዳውን እንዳሠራና ጤፉን እንድተካ፤ ሦስታችንም ማዘጋጃ ቤቱን አስፈቅደን በድንበሩ ላይ በድንጋይ የተነጠፈ አንድ ቦይ ቈፍረን እስከ መንገዱ ቦይ ድረስ እንድናደርስ ተወሰነ። ሥራው የጥቂት ቀን ጕልበት ብቻ ጠየቀ። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጥፋት ባልደረሰም ነበር።

የጣራ ውኃ ብዛት

«አባቶቻችን በጣራ ውኃ ምክንያት እንደዚህ ሲጣሉ አልሰማንም፤ ዛሬ ምን መጣ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ በክዳኑ ላይ ነው። የሣር ክዳን ዝናሙን አስቀድሞ ራሱ ይጠጣል፤ ከጠገበም በኋላ በቀስታ በዙሪያው ያንጠባጥበዋል። በቤትና በቤት መካከልም ሰፊ ጓሮ ስለ ነበረ፥ የተንጠባጠበውን መሬቱ ይቀበለው ነበር። ቆርቆሮ ግን አንዲት ጠብታ አይጠጣም፤ የተቀበለውን ሁሉ በዚያው ሰዓት ወደ ታች ይሰድዳል። ቤቶቹም ተቀራርበዋል፤ ግቢውም በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ተነጥፏል፤ ስለዚህ ውኃው የሚሰርግበት ስፍራ ጠፋ።

ብዛቱን ለማወቅ መምህሩ ለተማሪዎቹ ይህን ስሌት ያሳያቸው። በ1 ካሬ ሜትር ስፍራ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናም ቢወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ርዝመቱ 25 ሜትር ወርዱም 8 ሜትር የሆነ የትምህርት ቤት ጣራ 200 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ብርቱ ዝናም 40 ሚሊሜትር ቢያወርድ፥ ከዚያ ጣራ 8,000 ሊትር ይወርዳል፤ ይኸውም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ቢቀዳ 400 ጀሪካን ነው። በደብረ ማርቆስ የዓመቱ ዝናም ወደ 1,300 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ነው። እንግዲህ ያ አንድ ጣራ በዓመት ውስጥ ወደ 260,000 ሊትር ውኃ ይቀበላል ማለት ነው። ይህን ያህል ውኃ መንገድ ካልተሰጠው ራሱ መንገድ ያበጃል፤ የሚያበጀውም መንገድ በድኻው ግድግዳ ሥር ሊሆን ይችላል።

የአፈሩንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀይ አፈር ውኃን በመጠኑ ያሰርጋል። ጥቍር ዋልካ ግን ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በዋልካ ላይ የተሠራ ቤት ውኃ በመሠረቱ ሥር ቢተኛበት በክረምት ወደ ላይ ይገፋል፥ በበጋም ይወርዳል፤ በዚህ መመላለስ ግድግዳው ይተረተራል።

ገበሬው የሚያውቀው ጥበብ

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ጀምሮ በጨሞጋ ወንዝ አካባቢ የሚያርስ ገበሬ፥ ዘር ከዘራ በኋላ በማረሻው አጋድሞ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱን ቍልቍል ቢያወርደው ጕርፉ አፈሩን ጠርጎ ቦረቦር ያደርገዋል፤ ፈጽሞ አግድም ቢያደርገውም ውኃው ሞልቶ ይሰብረዋል። ስለዚህ በመጠን ያጋድመዋል። የፈሰሱን መጨረሻ ከበታቹ ባለው ሰው ማሳ ላይ የለቀቀ ገበሬ በሽማግሌ ፊት እንደሚጠየቅም ሁሉ ያውቃል። ለማሳ የተሠራውን ይህን ሥርዓት ለጣራና ለግቢ መድገም ብቻ ነው የቀረን።

በላሊበላ ዐለት የፈለፈሉት ሰዎችም ይህን አልዘነጉም። ከመሬት በታች ወርደው ለተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ዝናሙን የሚያወጡ ቦዮች በዐለቱ ውስጥ ቀርጸዋል። ይህ ባይሆን ኖሮ፥ ጕድጓድ ውስጥ ያለ ሕንፃ በአንድ ክረምት ኵሬ በሆነ ነበር። እንግዲህ የውኃ መውጫ ከሕንፃው ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው እንጂ፥ ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚጨመር አይደለም።

ሕጉ የሚለው

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው ቍጥር ባለሀብት የሆነ ሰው ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጐዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል። ጢስንና ጥላሸትን፥ መጥፎ ሽታንና ጩኸትንም ከመልካም ጕርብትና ልክ እንዳያልፉ ይወስናል። እንግዲህ «በገዛ ግቢዬ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል» የሚል ሰው ተሳስቷል። አሸንዳው በግቢው ውስጥ ቢሆንም፥ ጕዳቱ በሌላው ግቢ ከደረሰ ይጠየቃል። ሽታውም እንዲሁ ነው፤ የሰገራ ጕድጓዱን በጎረቤቱ መስኮት ሥር የቈፈረ ሰው ከዚህ ቃል አያመልጥም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ፤ በ92ኛውም አንቀጽ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ተናገረ። መብቱና ግዴታው በአንድነት የቆሙ ናቸው፤ ንጹሕ ምንጭ የሚፈልግ ሰው እድፉን ወደ ሌላው ምንጭ ሊሰድድ አይችልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ደግሞ የተወሰነውን ልክ በመተላለፍ አካባቢን መበከልን ከለከለ።

ስለ ግንባታ፥ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 በተለይ 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የተሠራ ነበር። በእርሱም ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ፕላን አቅርቦ ፈቃድ እንዲያገኝ ታዘዘ። ይህ ትእዛዝ ለብዙ ሰው ገንዘብ ማስከፈያ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፕላን የሚጠየቅበት አንዱ ምክንያት ይህ የምንናገርለት ነው። የአንዱ ቤት ወለል ከመንገዱ ቦይ በታች ቢሆን ውኃው ወደ ቤቱ ይገባል፤ አጥሩም በፈሳሽ መንገድ ላይ ቢቆም ጕርፉን ወደ ሌላው ይመልሰዋል። ይህን በወረቀት ላይ ማረም በደቂቃ የሚፈጸም ነው፤ በድንጋይና በሲሚንቶ ከተሠራ በኋላ ማረም ግን ማፍረስ ነው።

ማዘጋጃ ቤቶች በ1937 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 74 ሥራቸው ከተወሰነ ወዲህ ብዙ ሕግ ተሻሽሏል፤ ወደ ፊትም ይሻሻላል። ስለዚህ በከተማ የሚሠራ ሰው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፥ በገጠር የሚሠራም ወደ ቀበሌው አስተዳደርና ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ከመሠረት ቍፋሮ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ይጠይቅ። የተነገረውንም በቃል ብቻ ሰምቶ አይመለስ፤ አስጽፎ ይያዝ። ቃል ይረሳል፥ ሹምም ይለወጣል፤ ጽሕፈት ግን ይቀራል።

ሁለቱን ውኃ አትቀላቅሉ

ውኃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሰማይ የወረደው የዝናም ውኃ ነው፤ ሁለተኛው ከመጸዳጃ፥ ከወጥ ቤትና ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣው የእድፍ ውኃ ነው። በአዲስ አበባ በጥቂቱ ክፍል የእድፉን ውኃ በቱቦ ሰብስቦ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚወስድ መሥመር አለ። በአብዛኞቹ ከተሞቻችን ግን እንደዚህ ያለ መሥመር ስለሌለ፥ ሰው ሁሉ እድፉን በራሱ ግቢ ውስጥ በጕድጓድ ሊይዝ ይገባዋል። ብዙ ሰው ግን የጕድጓዱን መሙላት ባየ ጊዜ በሌሊት ወደ መንገዱ ቦይ ይለቀዋል። ያ ቦይ ለዝናም የተሠራ ነው፤ ክዳን የለውም፥ ማጣሪያም የለውም። ሕፃናት ይሻገሩበታል፤ ከብት ይጠጣበታል፤ መጨረሻውም ወንዝ ነው። ከታች ያለችው እናት የምትቀዳው ያንኑ ነው። እንደ አተት ያለው በሽታ በዚህ መንገድ ከቤት ወደ ቤት ይዛመታል።

ይህን ነገር ዓለም በብዙ ሞት ተምሮታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፥ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ አካባቢ፥ ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤት በካርታ ላይ ቢያመለክት፥ አብዛኞቹ ከአንድ የውኃ ጕድጓድ የሚቀዱ ሆነው ተገኙ። በኋላም ቢመረመር፥ ከውኃው ጕድጓድ ጥቂት ርምጃ ብቻ የራቀ የቤት እድፍ ጕድጓድ ወደ እርሱ ይሰርግ እንደ ነበር ታወቀ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሞተው በሁለት ጕድጓዶች መቀራረብ ነው። የሎንዶን ሰዎች ታላቁን የእድፍ ውኃ መሥመር የሠሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ስለዚህ የሰገራ ጕድጓድ ሲቈፈር፥ ከውኃ ጕድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም በታች ባለው ቍልቍለት ይሁን እንጂ በላይ አይሁን። የጕድጓዱ ወለል በክረምት ከሚወጣው የመሬት ውኃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። አፉም ከመሬት ከፍ ብሎ ዙሪያው በአፈር ይደልደል፤ ጕርፍ ከገባበት ሞልቶ ይፈስሳልና። የጣራንም ውኃ ወደ እርሱ የሚልክ ሰው ሁለት ጥፋት ያጠፋል፤ ንጹሑን ያረክሳል፥ የረከሰውንም ያበዛል።

ከሥራው በፊትና በኋላ የሚደረገው

አንደኛ፤ ቦታውን በበጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። በክረምት፥ ዝናም ሲዘንብ፥ ውኃው ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ይህ ባይቻል የቀድሞ ነዋሪዎችን ጠይቁ፤ ውኃ የድሮ መንገዱን አይረሳም።

ሁለተኛ፤ ከላይና ከታች ካሉት ጎረቤቶች ጋር በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ። የጋራው ቦይ በየት እንደሚያልፍ፥ ማን እንደሚቈፍረው፥ ማንስ በየዓመቱ እንደሚጠርገው ተጽፎ ይፈረም።

ሦስተኛ፤ የቤቱን ወለል ከዙሪያው መሬት ከፍ አድርጉ። ከግድግዳው እስከ 2 ወይም 3 ሜትር ድረስ ያለው መሬትም በየሜትሩ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። ይህን ግንበኛው በውኃ ልክ ይለካዋል።

አራተኛ፤ ጠፈጠፉ ግድግዳውን እንዳይመታ ክዳኑን ከግድግዳው አስረዝሙ፤ ከጠፈጠፉም ሥር በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ አብጁ። የቦዩ መዝቀዝ በ100 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። ቦታው ከዚህ የበለጠ ቍልቍል ከሆነ፥ ውኃው ኀይሉን እንዲያጣ በየመካከሉ የድንጋይ ደረጃ ይሠራ።

አምስተኛ፤ ለመጠቀም የምትችሉትን ውኃ አትልቀቁ። ከአሸንዳው ሥር ሮቶ የሚባለውን ትልቅ ማጠራቀሚያ ወይም በሲሚንቶ የተለሰነ ጕድጓድ ብታደርጉ፥ ለአትክልትና ለመታጠቢያ ይሆናል፤ የሚለቀቀውም ይቀንሳል። የመጀመሪያው ዝናም ግን የጣራውን አቧራ የሚያጥብ ስለ ሆነ ይደፋ። ማጠራቀሚያውም ሲሞላ የሚተርፈው የሚወጣበት መንገድ ይኑረው።

ስድስተኛ፤ በግንቦት ወር፥ ሰኔ ሳይገባ፥ ቦዮች ሁሉ ይጠረጉ። ደለልና ላስቲክ የሞላው ቦይ ከሌለ ቦይ ይልቅ ይከፋል፤ አለ ተብሎ ይታመንበታልና።

የመምህሩና የሽማግሌው ድርሻ

መምህራን ሆይ፥ ይህን ትምህርት በጥቍር ሰሌዳ ብቻ አትጨርሱት። ተማሪዎች የራሳቸውን ትምህርት ቤት ጣራ በገመድ ለክተው በዓመት የሚወርድበትን ውኃ ያስሉ፤ ከመጸዳጃው እስከ ምንጩ ያለውንም ርቀት በርምጃ ይቍጠሩ። ስሕተት ቢያገኙ ማረሙ ከትምህርት ቤቱ ይጀምር፤ ሕፃን ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ይይዛልና።

አባቶች ሆይ፥ የውኃ ነገር ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ወደ እናንተ ይመጣል። በዚያን ጊዜ የወደቀውን ግድግዳ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ውኃውን እስከ ምንጩ ተከተሉት፤ ከአንድ በላይ ተጠያቂ ታገኙ ይሆናልና። ይልቁንም አዲስ ቤት ሊሠራ ገመድ የሚዘረጋ ሰው ባያችሁ ጊዜ ቀርባችሁ «ውኃህን በየት ልታወጣው አስበሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔን ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፥ የእማሆይ ጤፍ ከጭቃ ባልገባም ነበር።

ዛሬ በዚያ ድንበር ላይ የቈፈርነው ቦይ አለ። በየዓመቱ በግንቦት ሦስታችን ወጥተን እንጠርገዋለን። እማሆይም እስኪያርፉ ድረስ በጠረግን ቍጥር ቡና አፍልተው ይጠሩን ነበር። ውኃው ያው ውኃ ነው፤ መንገድ ስለ ተሰጠው ግን ጠብ መሆኑ ቀርቶ የጕርብትና ምክንያት ሆነ።